ከጅቡቲ ባሕር ወጥቶ ደሴ ለመግባት ስንት ሰዓት መቆየት ያስፈልጋል?

ጥያቄውን የላኩልኝ ጅቡቲ ውስጥ በዕቃ ማስተላለፍ ሥራ የተሰማሩ የደሴ ተወላጅ ናቸው። ሐሙስና ዓርብ ከጓደኞቻቸው ጋር በሙሻና በማስካሊ ደሴቶች አካባቢ፣ በየቀኑ ሁለት ሁለት ጊዜ፣ እስከ 20 ሜትር ድረስ በስኩባ፣ ማለትም የአየር ሲሊንደር አዝለው፣ ሊጠልቁ አቅደዋል፤ የመጨረሻውን ጨርሰው ከውሃ የሚወጡት ዓርብ እኩለ ቀን ላይ ነው። እሁድ ደሴ ላይ የእህታቸው ሠርግ አለ። ስለዚህ ወይ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ ወደ አዲስ አበባ በርረው ከዚያ በሌላ በረራ ኮምቦልቻ ሊወርዱ፣ ወይ ዓርብ 8 ሰዓት ላይ በመኪና ተነሥተው ሎጊያ አድረው ቅዳሜ ረፋድ ላይ ደሴ ሊገቡ ያስባሉ። «አስተማሪያችን ከመብረራችሁ በፊት 18 ሰዓት ጠብቁ ብሎናል፤ በመኪና ከሄድኩ ግን ይህ እኔን አይመለከትም፣ አይደል?» ይላሉ።

ይመለከትዎታል፤ እንዲያውም ለደሴ ሰው ከብዙዎች ይበልጥ ይመለከታል። ስለ መጥለቅ የሚጽፉት አብዛኞቹ በባሕር ዳርቻ የሚኖሩ ሰዎች በመሆናቸው፣ ለእነሱ ከፍታ የሚባለው አውሮፕላን ውስጥ ብቻ የሚያጋጥም ነገር ነው፤ ስለዚህም «ከመብረር በፊት» ብለው ያልፉታል። ሰውነት ግን የሚያውቀው ግፊትን እንጂ በምን ተጉዞ እንደመጣ አይደለም። የመንገደኛ አውሮፕላን 10,000 ሜትር ላይ ሲበርር የውስጡ አየር ታምቆ ስለሚያዝ፣ ተሳፋሪው የሚያርፍበት ግፊት ቢያንስ ቢያንስ 2,438 ሜትር ከፍታ ላይ ከሚገኘው ጋር እኩል እንዲሆን ይደረጋል፤ በአቪዬሽኑ ቋንቋ 8,000 ጫማ የሚባለው ልክ ይህ ነው። ደሴ ደግሞ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የሐረጎን ዳገት ወጥተው ጨርሰው ደሴ ሲገቡ እንግዲህ አውሮፕላን ውስጥ ከሚያጋጥምዎ ግፊት ጋር እኩል ወይም ትንሽ ያነሰ ግፊት ውስጥ ገብተዋል። የደሴ መንገድ፣ ለጠላቂ ሰው፣ ራሱ በረራ ነው።

ይህን በዓይኑ ማየት የሚፈልግ ሰው ከደሴ ወደ ሚሌ ሲወርድ ይሞክረው። ውሃው ተጠጥቶ ያለቀ የሃይላንድ ጠርሙስ ደሴ ላይ አጥብቆ ይክደንና ወንበሩ ሥር ያኑረው። ባቲን አልፎ ቆላው ሲጀምር የጠርሙሱ ጎን ወደ ውስጥ መጎድጎድ ይጀምራል፤ ሚሌ ሲደርስ ሰው በእጁ የጨመቀው ይመስል ተጣምሞ ያገኘዋል። ማንም አልነካውም። የሚሌ አየር ከደሴው ስለሚከብድ፣ ጠርሙሱ ውስጥ ታሽጎ የመጣውን የደሴ አየር ወደ አራት አምስተኛው ገደማ አሳንሶታል። ሽቅብ ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል፤ ሚሌ ላይ የተከደነ ጠርሙስ ደሴ ሲደርስ ተነፍቶ ይወጣጠራል። አሁን በጠርሙሱ ፋንታ በትከሻዎ መገጣጠሚያ ወይም በአከርካሪዎ ውስጥ የቀረች፣ በዓይን የማትታይ የናይትሮጅን አረፋ ያስቡ።

ናይትሮጅኑ እዚያ የሚደርሰው እንዲህ ነው። የምንተነፍሰው አየር ከአምስት እጁ አራቱ ናይትሮጅን ነው፤ በየብስ ላይ ወደ ሳንባ ይገባል፣ ይወጣል፣ ለሰውነት ምንም አይሠራለትም። ባሕር ውስጥ ግን በየ10 ሜትሩ ጥልቀት አንድ ተጨማሪ የከባቢ አየር ግፊት ይደረብብናል፤ 20 ሜትር ላይ ያለ ሰው በየብስ ካለው ሦስት እጥፍ በሆነ ግፊት ይተነፍሳል። በዚያ ግፊት ናይትሮጅኑ በደምና በሥጋ ውስጥ ይሟሟል፤ ሰውየው ቀስ ብሎ ሲወጣም በሳንባው በኩል ቀስ እያለ ይወጣል። ችግሩ ውሃው ላይ ብቅ ያልን ዕለት ሁሉም አለመውጣቱ ነው። የቀረው በባሕር ጠለል ግፊት ታምቆ፣ ሟሙቶ ይቀመጣል። የአምቦ ውሃ ጠርሙስ ሳይከፈት ውስጡ ጋዝ መኖሩ በዓይን አይለይም፤ ክዳኑ ላላ ሲል ግን ፈልቶ ይወጣል። ከባሕር ጠለል ወደ ደሴ መውጣት ክዳኑን እንደማላላት ነው፤ በዙሪያችን ያለው ግፊት በሩብ ያህል ይቀንሳልና። የመቆያው ሰዓት ሁሉ የሚቆጠረው ግፊት ሲቀንስ በሚፈጠረው በዚህ አረፋ የሚመጣውን ሕመም ለመከላከል ነው።

18 ሰዓት የሚለው ቁጥር ከየት እንደመጣ ማወቅ ለእርስዎ ጥያቄ ወሳኝ ነው። በጠላቂዎች ደኅንነት ላይ የሚሠራው ዳን የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2002 ባለሙያዎችን ሰብስቦ ያወጣው ምክር እንዲህ ይላል፦ በመውጫው ላይ የግዴታ ማቆያ፣ ማለትም ናይትሮጅኑ እስኪወጣ ውሃው ውስጥ ቆሞ መጠበቅ፣ የማያስፈልገው አንድ ጊዜ ብቻ የጠለቀ ሰው ቢያንስ 12 ሰዓት ይጠብቅ፤ በቀን ከአንድ ጊዜ በላይ፣ ወይም ለተከታታይ ቀናት የጠለቀ ሰው ቢያንስ 18 ሰዓት ይጠብቅ፤ የግዴታ ማቆያ የነበረበት ሰው ደግሞ ከ18 ሰዓትም በብዙ ይብለጥ። እርስዎ ሁለት ቀን፣ አራት ጊዜ ስለሚጠልቁ የሚመለከትዎ ሁለተኛው ነው፤ አስተማሪዎ ትክክለኛውን ነግሮዎታል። ይሁን እንጂ «ቢያንስ» የሚለውን ቃል እንዳይዘሉት አደራ እላለሁ። ከምክሩ ጀርባ ያለው ዋናው ጥናት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በዱክ ዩኒቨርሲቲ የተካሄደ ሲሆን፣ ፈቃደኛ ሰዎች ደረቅ በሆነ የግፊት ክፍል ውስጥ ዐርፈው ተቀምጠው «ከጠለቁ» በኋላ፣ ለ4 ሰዓት ያህል በ8,000 ጫማ ግፊት «እንዲበርሩ» የተደረገበት ነው። ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሞገድ እየታገሉ አልዋኙም፤ ጀልባ ላይ ከባድ ሲሊንደር አልጎተቱም። ሌላውና ለእኛ የሚበልጠው ነጥብ ደግሞ ከአራት ሰዓት በኋላ ወደ መሬት ግፊት መመለሳቸው ነው።

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ስለ እኛ አገር ሲሆን ብዙ ጊዜ የሚዘለለው ይህ ነውና። በግብጽ ቀይ ባሕር ዳርቻ ካለችው ከሁርጋዳ ተነሥቶ በባሕር ዳር ወዳለች ከተማ የሚበርር ሰው ለጥቂት ሰዓታት የካቢኑን ዝቅተኛ ግፊት ይቀምስና ሲያርፍ መልሶ ወደ ባሕር ጠለል ግፊት ይገባል፤ ማረፉ በራሱ እፎይታ ነው። የእኛ ሰው እፎይታ የለውም። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ ከባሕር ጠለል በላይ 2,334 ሜትር ላይ ነው። የጅቡቲ በረራ አጭር ነው ቢባልም ሰውነትዎ ከዚያ ከፍታ አይወርድም፤ አዲስ አበባ ላይ አውሮፕላን ሲጠብቁ፣ ሻይ ሲጠጡ፣ አሁንም «በበረራ ላይ» ነዎት። አንዳንድ ዘመናዊ አውሮፕላኖች፣ ለምሳሌ ቦይንግ 787፣ የካቢናቸውን ግፊት ከ6,000 ጫማ ባልበለጠ ከፍታ ልክ ስለሚይዙ ለጠላቂ ይሻላሉ ሲባል እሰማለሁ። ለሌላ አገር መንገደኛ እውነት ነው፤ አዲስ አበባ ሲያርፉ ግን በሩ የሚከፈተው በቦሌ ግፊት ስለሆነ፣ ከጉዞው ሁሉ ዝቅተኛውን ግፊት የሚያገኙት መሬት ከነኩ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ 1,860 ሜትር ገደማ ስለሆነች ጥቂት ይሻላል፤ ከዚያ ግን ሐረጎ ይጠብቅዎታል፤ ደሴም አራት ሰዓት ሳይሆን ቀናት ይቆያሉ።

በዚህም ላይ ደሴ ምክሩ ከሚሸፍነው ከፍታ ጠርዝ ትንሽ ታልፋለች። የ12 እና የ18 ሰዓቱ ምክር የተጻፈው ከ2,000 እስከ 8,000 ጫማ፣ ማለትም ከ610 እስከ 2,438 ሜትር ላለው ከፍታ ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል የመጥለቅ መመሪያ ግን ከዚህ ሰፋ ያለ ሠንጠረዥ አለው፤ እስከ 10,000 ጫማ፣ ወደ 3,000 ሜትር ገደማ ድረስ በየ1,000 ጫማው እየከፈለ፣ በሰውነት ውስጥ በቀረው ናይትሮጅን መጠን የሚጠበቀውን ሰዓት ያስቀምጣል። አውሮፕላንም ሆነ ተራራ አይለይም። የመንገደኛ በረራን 8,000 ጫማ ብላችሁ ቁጠሩት ብሎ ያልፋል፤ ለከባድና ለረጅም ጥልቀት ደግሞ 48 ሰዓት ይላል። ሠንጠረዡን ስመለከት ሁልጊዜ የሚመጣልኝ የወሎ ካርታ ነው፦ ኮምቦልቻ በአንዱ መስመር፣ ደሴ በሌላው፣ ደላንታ ደግሞ በመጨረሻው።

የእኔ ምክር 24 ሰዓት ነው። ይህን የምለው ቁጥሩ ለአፍ ስለሚመች አይደለም። ሰውነት ናይትሮጅንን በአንድ ፍጥነት አይለቅም፤ ደም በደንብ የሚዞርባቸው ክፍሎች በደቂቃዎች ውስጥ ግማሹን ሲያስወጡ፣ ደም እምብዛም የማይደርስባቸው እንደ መገጣጠሚያና ስብ ያሉት ግን ሰዓታት ይወስድባቸዋል። ጠላቂዎች እጃቸው ላይ የሚያስሯቸው፣ ጥልቀትና ጊዜ የሚቆጥሩት የመጥለቂያ ኮምፒውተሮች የሚሠሩበትን ስሌት ከቀመሩት ሰዎች አንዱ የዙሪኩ ሐኪም አልበርት ቡልማን ነው፤ ተራራ ላይ ባሉ ሐይቆች ስለ መጥለቅ ብዙ የደከመ ሰው በመሆኑ ለእኛ ዓይነቱ አገር ባለውለታ አድርጌ አየዋለሁ። በእሱ ስሌት በጣም ዘገምተኛው ክፍል ትርፉን ናይትሮጅን በግማሽ ለመቀነስ 635 ደቂቃ፣ ከ10 ሰዓት በላይ ይወስዳል። ለሒሳቡ እንዲቀል በ8 ሰዓት ግማሹን የሚለቅ ክፍል እንውሰድ። ከ8 ሰዓት በኋላ ግማሹ፣ ከ16 ሰዓት በኋላ ሩቡ፣ ከ24 ሰዓት በኋላ ስምንት አንደኛው ይቀራል። በ18ኛው ሰዓት ያለው ቀሪ በ24ኛው ሰዓት ካለው በሁለት ሦስተኛ ያህል ይበልጣል ማለት ነው። ስድስት ሰዓት መታገሥ ይህን ያህል ያተርፋል። ሁለት ቀን ሲጠለቅ ደግሞ የሐሙሱ ቀሪ ሳያልቅ የዓርቡ ይደረብበታል።

ከ2,500 ሜትር በላይ ለሚሄድ ሰው ግን 24 ሰዓቱንም በቂ ነው አልልም። ከሠርጉ በኋላ ለመልስ ወደ ሙሽራው ቤተ ሰቦች፣ ወደ ደላንታ እንደሚሄዱ ጽፈዋል፤ እዚያ 3,000 ሜትር ገደማ ይደርሳሉ። ለዚያ 48 ሰዓት እፈልጋለሁ። የሚሄዱት ሰኞ ስለሆነ ግን በማንኛውም ስሌት ያልፉታል፤ በዚህ አያስቡ።

በመጥለቂያ ኮምፒውተርዎ ላይ የምትታየው፣ ገና አይብረሩ የምትለው የአውሮፕላን ምልክት ከ24 ሰዓት በፊት ብትጠፋ እንደ ፈቃድ አይውሰዷት፤ አንዳንዱ ኮምፒውተር ስሌት ሠርቶ ነው የሚያጠፋት፣ አንዳንዱ ዝም ብሎ ሰዓት ይቆጥራል። ናይትሮክስ የሚባለውን፣ ኦክስጅን የበዛበትን የመተንፈሻ አየር ቢጠቀሙም የመቆያውን ሰዓት አይቀንሱ። የውሃ ጥም፣ ከባድ ሥራና የእንቅልፍ እጦት ነገሩን ያብሳሉ ብለው ይጠንቀቁ፤ በቆላው ሙቀት በቂ ውሃ ይጠጡ። ስለ ጫት አንድ ነገር ልበል፦ ለመንገዱ ተብሎ የሚቃመው ጫት ድካምንና የሰውነትን መክበድ ስለሚሸፍን፣ የሕመሙን የመጀመሪያ ምልክት ሊያሳልፍዎት ይችላል፤ ለዚህ አንድ ጉዞ ቢተውት እመርጣለሁ። የሕመም ማስታገሻ ኪኒንም እንዲሁ።

ሕመሙ፣ ማለትም ግፊት ሲቀንስ በሚፈጠር አረፋ የሚመጣው ሕመም፣ እንዴት እንደሚጀምር ማወቅ አለብዎት። እንበል መኪናው ባቲ ላይ ቆሞ ቡና ሊጠጡ ወርደዋል። ሲኒውን በግራ እጅዎ ሲያነሡ ሁለቱ የመጨረሻ ጣቶችዎ እንደ መደንዘዝ ይላሉ፤ ትከሻዎ ውስጥ፣ በየትኛውም በኩል ቢያዞሩት የማይለቅ፣ ድብን ያለ የጥርስ ሕመም የሚመስል ጥዝጣዜ አለ። የመኪና ወንበር ነው ይላሉ። ኮምቦልቻ ሲደርሱ ክርንዎ ይጨመራል። ደሴ ቤት ሲገቡ እናትዎ ፊትዎን አይተው «ምች መታህ» ይላሉ፤ ዳማከሴ ይታሻል፣ ትከሻዎ በቅባት ይታሻል፣ ብርድ ልብስ ተደርቦ ይተኛሉ። ይህን የምጽፈው ዳማከሴን ለመናቅ አይደለም፤ በፍቅር የሚደረግ ነገር ነው። ነገር ግን ይህ ምች አይደለም፤ እያንዳንዱ የሚያልፍ ሰዓትም ዋጋ አለው። የመገጣጠሚያ ሕመም፣ መደንዘዝና መውረር፣ የእግር መዛል፣ ማዞር፣ ሽንት እንቢ ማለት፣ ቆዳ ላይ እንደ እብነ በረድ የተዥጎረጎረ ሽፍታ፣ ከድካም የበለጠ ድካም፣ የትንፋሽ ማጠር፦ ከነዚህ አንዱ በጠለቁ በ24 ሰዓት ውስጥ ወይም ከፍታ ሲወጡ ከታየ፣ ሌላ ምክንያት እስኪረጋገጥ ድረስ የዚህ ሕመም ምልክት ነው ተብሎ መወሰድ አለበት።

ያን ጊዜ መጀመሪያ መውጣትዎን ያቁሙ። ምልክቱ የታየው ባቲ ላይ ከሆነ ደሴ ልድረስና እታከማለሁ አይበሉ፤ ወደ ላይ የሚሄዱት እያንዳንዱ ኪሎሜትር አረፋውን ያሳድጋል። በአቅራቢያው ወዳለ ኦክስጅን ወዳለው ጤና ተቋም ይሂዱና ገና ሲገቡ «በስኩባ ጠልቄ ነው ከጅቡቲ የመጣሁት» ብለው ይናገሩ፤ ይህ በሽታ ደጋ ላይ የሚታይ ስላልሆነ፣ ካልነገሩት ሐኪሙ በምን ይገምተው? ወዲያው የሚያስፈልገው በተቻለ መጠን ንጹሕ ኦክስጅን፣ መጠባበቂያ ከረጢት ባለው ጭምብል፣ በደቂቃ 15 ሊትር ያህል ነው፤ ጠፍጣፋ ሆነው ይተኙ፣ ነቅተው መጠጣት ከቻሉ ውሃ ይጠጡ። በኦክስጅኑ ሕመሙ ቢጠፋም ተፈውሰዋል ማለት አይደለም፤ ዋናው ሕክምና በግፊት ክፍል ውስጥ የሚሰጠው ነው። ሐኪምዎ ከመጥለቅ ሕክምና ባለሙያ ጋር በስልክ ተነጋግሮ የት እንደሚወሰዱ ይወስን። «አዲስ አበባ ውሰዱት» የሚለው የዘመድ ሐሳብ ከቅንነት የመጣ ቢሆንም፣ አዲስ አበባ ማለት ከ2,300 ሜትር በላይ መሆኑን ያስታውሱ፤ በአየር መወሰድ ግድ ከሆነ የካቢኑ ግፊት በባሕር ጠለል ልክ እንዲያዝ ወይም በጣም ዝቅ ብሎ እንዲበርር ይጠየቃል። የታከመ ሰውም ቢያንስ ለሦስት ቀን፣ ብዙ ጊዜም ከዚያ በላይ፣ ሐኪሙ እስኪፈቅድለት ድረስ አይበርርም፣ ደጋም አይወጣም።

በዚህ አጋጣሚ ደሴ አቅራቢያ ባለው፣ ሐይቅ ተብሎ በሚጠራው ሐይቅ ላይ ስለ መጥለቅ ከዚህ በፊት የጠየቁኝም ስለነበሩ ባጭሩ ልንካው። የሐይቅ ውሃ ራሱ 2,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለሆነ፣ ለባሕር የተሠራው ሠንጠረዥ እዚያ አይሠራም፤ ከ300 ሜትር በላይ ያለ ውሃ ሁሉ የከፍታ ሠንጠረዥ ወይም ለከፍታ የተስተካከለ ኮምፒውተር ይፈልጋል። ከእስጢፋኖስ ገዳም ፊት ለፊት ጠልቆ በዚያው ዕለት ደሴ የሚመለስ ሰውም ከጠለቀበት በላይ ወጣ ማለት ነውና እሱም መቆየት አለበት። ከደሴ ወደ ጅቡቲ ወርዶ መጥለቅ ግን በዚህ በኩል ችግር የለውም፤ እየወረዱ ነውና።

አሁን ወደ እርስዎ ቀጠሮ። የአውሮፕላኑ ምርጫ፣ ዓርብ 6 ሰዓት ከውሃ ወጥተው ቅዳሜ 3 ሰዓት ቢበርሩ፣ 21 ሰዓት ይሆናል፤ ከትንሹ ልክ ያልፋል፣ እኔ ከምመክረው ግን ሦስት ሰዓት ይጎድላል። የመኪናው ምርጫ ደግሞ ሎጊያ አድረው ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ከተነሡ ዳገቱን የሚጀምሩት ልክ ከ18ኛው ሰዓት በኋላ ነው፤ ደሴ የሚገቡት በ23ኛው ሰዓት አካባቢ። ሰመራና ሎጊያ ከ500 ሜትር በታች ስለሆኑ እዚያ የሚያድሩት ሌሊት ከመቆያው ይቆጠርልዎታል፤ ቆላው በዚህ ረገድ ባለውለታዎ ነው። ሁለቱን ቀን መጥለቅ የግድ ካሉ፣ ቅዳሜ ሎጊያ ላይ እስከ ቀትር ይቆዩና 6 ሰዓት ላይ ይነሡ፤ አመሻሹ ላይ ደሴ ይደርሳሉ፣ ሠርጉም ገና እሁድ ነው።

እኔን ከጠየቁኝ ግን የዓርቡን መጥለቅ ይተዉት። ሐሙስ ሁለቴ ይጥለቁ፣ 10 ሰዓት ላይ ከውሃ ይውጡ፣ ዓርብ ለሠርጉ የሚሆነውን ዕቃ ይግዙ፣ 8 ሰዓት ላይ ከመኪናው ጋር ይነሡ። ሲነሡ 22 ሰዓት አልፎዎታል፤ ሎጊያ አድረው ቅዳሜ ጠዋት ወደ ባቲ ማቅናት ሲጀምሩ 38 ሰዓት ይሆናል፣ በሐረጎ ጠመዝማዛ ላይም ስለ ትከሻዎ ሳያስቡ ረፋዱ ላይ ቤትዎ ይገባሉ።